በመርከብ ወደ ሰሜን ደሴቶች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከሐዋሳና ከአዳማ የመጡ ናቸው። አራቱም ስለ ሰሜን አትላንቲክና ስለ አርክቲክ ደሴቶች ስለሚጠይቁ በአንድ ላይ አቅርቤአቸዋለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወራቱን ግን ሌላ ካልገለጽኩ በቀር በእኛው ጽፌአለሁ፤ አንባቢ ጉዞውን የሚያቅደው በእኛው ወር ነውና።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ እኔ ሐዋሳ ውስጥ ለሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ የሚሠራው ልጄ እኔንና አባቱን በመርከብ የሰሜን ደሴቶችን ሊያሳየን አስቧል። የላከልኝ የጉዞ ዝርዝር በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሴንት ኪልዳን፣ ኦርክኒን፣ ሼትላንድን፣ የፋሮ ደሴቶችንና አይስላንድን ያዳርሳል። ሥዕሉን ሳይ ልቤ ተነሣ፤ ዋጋውን ሳይ ተመልሶ ተቀመጠ። ለመሆኑ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር እዚያ አለ? ካለስ የትኛው ወር ይሻላል? ባለቤቴን በሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ እንኳ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። እኔ ደግሞ የሐዋርያትንም የፍልሰታንም ጾም የማልፈታ ስለሆንኩ መርከብ ላይ ምን እንደምበላ ያሳስበኛል። (ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፤ ከዋጋው በፊት የዝርዝሩ ርዝመት ቢያሳስብዎ ይሻላል እላለሁ። በአሥራ ሁለት ቀን አምስት ቦታ የሚያዳርስ መርከብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በባሕር ላይ ነው፤ ተሳፋሪው በደሴቶቹ ላይ በእግሩ የሚቆምበት ሰዓት ተደምሮ ሲታይ ከጠበቀው እጅግ ያንሳል። ይህን የምለው ለትምህርት ስኮትላንድ በቆየሁበት ዘመን በእንዲህ ዓይነት መርከብ ስለሄድኩ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አጓጓዥ ድርጅት ሴንት ኪልዳ ላይ እንደምንወርድ በማስታወቂያው በትልቅ ፊደል ጽፎ፣ «አየሩ ከፈቀደ» የሚለውን ከታች በትንሽ ፊደል አስቀምጦት ነበር። አየሩ አልፈቀደም። ሴንት ኪልዳ ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች 64 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በክፍት ውቅያኖስ ውስጥ የተቀመጠች ናት፤ መርከብ የሚጠለልበት ወሽመጧ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተከፈተ ስለሆነ፣ ነፋስ ከዚያ አቅጣጫ ከመጣ የጎማ ጀልባ ሰው ሊያወርድ አይችልም። ካፒቴናችን ጥቂት ጠብቆ ፊቱን አዞረ። እኛም በመርከቡ ሰገነት ላይ ሆነን ሰው የለቀቀውን መንደር ከሩቅ ተመልክተን ተለየነው።

ያም ሆኖ ከዚያ ተነሥተን ስታክ አን አርሚን የሚባለውን፣ 196 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከባሕር የወጣ ቋጥኝ ስንዞር ያየሁትን አልረሳውም። ጫፉ ነጭ ነው። በረዶ መስሎኝ ነበር፤ ስንቀርብ ግን ጋኔት የሚባለው ትልቅ የባሕር ወፍና ኩሱ ሆኖ ተገኘ። ጋኔት ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ዓሣ ሲያይ ክንፉን ወደ ኋላ አጥፎ እንደ ጦር ከሰማይ ወደ ውኃው ይወረወራል። አሞራ ገደል ላይ የዓሣ አስጋሪዎቹን ትርፍ ቆሞ የሚጠብቀውን የእኛን አባ ኮዳ ለለመደ ዓይን ይህ ሌላ ዓይነት ሙያ ነው። ስለዚህ ሴንት ኪልዳ ካልወረዱባትም በከንቱ የምትቀር ደሴት አይደለችም፤ ነገር ግን እርሷን ብቻ ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው በነፋስ ላይ እንደ ተወራረደ ይቁጠረው።

ይህን ያህል የሚያስወጣ ነገር አለ ወይ ላሉት፣ ታሪክ ለሚወድ ሰው መልሱ ኦርክኒ ነው። በ1850 አንድ ብርቱ ማዕበል በባሕሩ ዳር የነበረውን የአሸዋ ክምር ገፎ ስካራ ብሬ የሚባለውን መንደር ገለጠው። ከዛሬ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ማለትም የግብፅ ታላላቅ ፒራሚዶች ሳይሠሩ ሰው ይኖርበት የነበረ መንደር ነው። በእያንዳንዱ ቤት መካከል ምድጃ፣ ግራና ቀኝ የድንጋይ መደብ፣ ከበሩ ትይዩ ደግሞ የድንጋይ መደርደሪያ ቆሞ ይታያል። መደብ ያልኩት ሌላ ቃል አጥቼ አይደለም፤ በገጠር ቤታችን ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራውን መኝታ የሚያውቅ ሰው ወዲያው የት ማን ይተኛ እንደነበር ይገምታል። ደሴቶቹ ዛፍ የሚበቅልባቸው ስላልሆኑ ሰዎቹ በሌላ አገር አናጢ የሚሠራውን ሁሉ በድንጋይ ጠረቡት፤ እንጨት ቢያገኙ ኖሮ ዛሬ የምናየው ነገር ባልቀረ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሜስሃው የሚባል የድንጋይ መቃብር አለ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን፣ የምትጠልቀው ፀሐይ በረጅሙ መግቢያ አልፋ የውስጡን ግድግዳ ታበራለች። በ12ኛው መቶ ዘመን ገብተው የነበሩ የሰሜን ሰዎች ደግሞ ስማቸውንና ቀልዳቸውን በራሳቸው ፊደል ድንጋዩ ላይ ፍቀው ሄደዋል፤ ግድግዳ ላይ ስም የመጻፍ አመል የዛሬ ተማሪ የፈጠረው እንዳልሆነ መምህርት ሲያዩት ይስቃሉ።

በዚያው በኦርክኒ ለእኛ ሰው የተለየ ስሜት የሚሰጥ ሌላ ቦታ አለ። በጥቅምት 1939 አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ስካፓ ፍሎው በሚባለው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መሸሸጊያ ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ሮያል ኦክ የተባለውን የጦር መርከብ አሰጠመ፤ ከ800 በላይ መርከበኞች አለቁ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች በምሥራቅ በኩል በደሴቶቹ መካከል የነበሩትን መግቢያዎች በድንጋይና በኮንክሪት ግድብ ዘጉ። ለዚህ ሥራ ከመጡት መካከል በሰሜን አፍሪካ የተማረኩ ጣሊያኖች ነበሩ። እነዚህ ምርኮኞች ሁለት የቆርቆሮ ቤቶችን አጋጥመው ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ዶሜኒኮ ኪዮኬቲ የሚባለው ሠዓሊ ተራውን ግድግዳ ጡብና የተቀረጸ ድንጋይ አስመስሎ ቀባው፤ መብራት መያዣዎቹን ከባዶ የሥጋ ጣሳ ሠሯቸው። ኪዮኬቲ በ1960 ተመልሶ ሥዕሉን ራሱ አድሶታል። እኔ እዚያ ስቆም የመጣብኝ አያቴ ስለ አምስቱ ዓመት ይነግረኝ የነበረው ነው፤ የጣሊያን ወታደር በሽቦ አጥር ውስጥ ሆኖ ሲጸልይ በዓይነ ኅሊና ማየት እንደ እኔ ባለ ቤት ላደገ ሰው በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ከወጣሁ በኋላ ለብዙ ሰዓት ዝም ብዬ ነበር።

ኦርክኒና ሼትላንድ እንዴት የስኮትላንድ ሆኑ የሚለውም ለክፍል ውስጥ የሚሆን ታሪክ ነው። በ1468 እና በ1469 የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ክርስቲያን ቀዳማዊ ልጁን ማርጋሬትን ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለጄምስ ሣልሳዊ ሲድር ለጥሎሽ የሚሆነውን ገንዘብ አጣ፤ መጀመሪያ ኦርክኒን፣ ቀጥሎ ሼትላንድን በመያዣነት ሰጠ። መያዣው አልተዋጀም። በእኛ ዘንድ ጥሎሹ ከወንዱ ወገን ነው፤ በእነርሱ ከሴቷ ወገን በመሆኑ ንጉሡ ልጁንም ደሴቶቹንም ሰጥቶ ቀረ።

ስለ ፋሮ ደሴቶች ብዙ ከመጻፍ አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ፤ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ስለሆነ ይወዱታል። ዲኩይል የሚባል አየርላንዳዊ መነኩሴ በ825 ገደማ በጻፈው ውስጥ፣ ከብሪታንያ በስተ ሰሜን ባሉ ደሴቶች ባሕታውያን ለመቶ ዓመት ያህል ኖረው ቫይኪንግ በሚባሉት የሰሜን ሽፍቶች ምክንያት እንደ ለቀቋቸው፣ ደሴቶቹም በበግ እንደ ተሞሉ ይናገራል። ብዙዎች ይህ ፋሮ ነው ቢሉም የመነኮሳቱ ቤት ፍርስራሽ ተገኝቶ የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። ከዚያ በ2021 የታተመ ጥናት ከአንድ የፋሮ ሐይቅ ወለል በተወሰደ ጭቃ ውስጥ የበግ ዘረ መልና የፋንድያ ዱካ ከ500 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ እንዳለ አሳየ፤ ቫይኪንጎች ከመድረሳቸው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማለት ነው። በግ ደግሞ ውቅያኖስን ዋኝቶ አይሻገርም። በጎቹን ያመጣቸው ማን እንደሆነ ጭቃው አይናገርም፤ ነገር ግን የዓለምን ጩኸት ሸሽቶ ደሴት ላይ መመነን ለጣና አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ወሩ ልምጣ፤ በእኔ ግምት ከመርከቡም ከዋጋውም ይበልጥ ጉዞውን የሚወስነው ወሩ ነው። የእኛ ክረምት የእነርሱ በጋ ነው። በሥዕሎቹ ሁሉ ላይ የሚታየው ፓፊን፣ ምንቃሩ ቀይና ብርቱካን ቀለም የተቀባ የሚመስለው፣ ከዶሮ በጣም የሚያንሰው ወፍ፣ ወደ የብስ የሚመጣው ለመፈልፈል ብቻ ነው፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ሣር ባለበት ገደል ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ እንቁላል ይጥላል፣ በሐምሌ መጨረሻ ግድም ተነሥቶ ወደ ውቅያኖስ ይሄዳል። በነሐሴ አጋማሽ የሄደ ጎብኚ ባዶ ጉድጓድ አይቶ ይመለሳል። የእርስዎ ጾም ደግሞ አለ፤ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ሁለቱን ባንድ ላይ ካየናቸው ከሐምሌ 6 እስከ ሐምሌ 20 ያለው ሁለት ሳምንት ወፉም ያልሄደበት፣ እርስዎም ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የማይጾሙበት፣ ቀኑም ገና ረጅም የሆነበት ጊዜ ነው። ቀን ረጅም ነው ስል ሐዋሳ ላይ በዓመቱ ውስጥ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት በታች መሆኑን ያስታውሱ፤ ሼትላንድ ላይ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ትቆያለች፣ የቀረውም ሌሊት ጨለማ አይባልም።

ልጅዎን ቅር ካላሰኘው ግን የእኔ ምክር የመርከብ ሽርሽሩን ትቶ የሕዝብ ማመላለሻውን መርከብ መያዝ ነው። ከራሱ ከአበርዲን ማታ ተነሥቶ በማግሥቱ ጠዋት የሼትላንድ ዋና ከተማ ለርዊክ የሚያደርስ መርከብ አለ፤ ሌሊቱን የሚያርፉበት ክፍል አለው፣ በአንዳንድ ቀናትም በኦርክኒ በኩል ያልፋል። አንድ ሳምንት ለሁለቱ ብትሰጡ ስካራ ብሬን ሳትጣደፉ ታያላችሁ፤ በሼትላንድ ደቡባዊ ጫፍ ሰምበራ በሚባለው የመብራት ማማ አጥር ሥር ብዙ መራመድ ሳያስፈልግ ፓፊኖቹን በጥቂት እርምጃ ርቀት ትመለከታላችሁ፤ ሙሳ በምትባለው ትንሽ ደሴት ደግሞ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የኖረና እስካሁን 13 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ታያላችሁ። የቪዛው ጉዳይም ይቀልላል። ኦርክኒና ሼትላንድ የብሪታንያ ግዛት ስለሆኑ የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ይበቃል። ልጅዎ በላከው ዝርዝር መሠረት ግን አይስላንድ የሸንገን ቪዛ ይፈልጋል። ፋሮ ደግሞ የዴንማርክ ንጉሣዊ ግዛት ቢሆንም በሸንገን ክልል ውስጥ ስላልሆነ፣ ቪዛው ላይ ለፋሮ የሚያገለግል መሆኑ በግልጽ ካልተጻፈ መርከቡ ላይ እንኳ ላያሳፍሯችሁ ይችላሉ። ይህን ነገር ማስታወቂያዎቹ የሚጽፉት ቪዛ የማይጠየቅ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ስለሆነ አያነሡትም።

ለባለቤትዎ፦ የሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ ካዞራቸው የሰሜን ባሕር እንደሚያዞራቸው ጥርጥር የለኝም፤ ነገር ግን መከላከያ አለው። የባሕር ሕመም ክኒን የሚሠራው ማጥወልወሉ ከመጀመሩ በፊት ሲዋጥ ነው፤ የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ጠይቀው ይያዙ። ክፍል ስትመርጡ ውድ የሆነውን የላይኛውን ፎቅ ሳይሆን ወደ መርከቡ መካከልና ወደ ታች ያለውን ውሰዱ፤ መርከብ ሲወዛወዝ ጫፉና አናቱ ነው የሚጓዘው፣ ሆዱ ብዙም አይነቃነቅም። ሲያጥወለውል ከመጽሐፍና ከስልክ ዓይንን አንሥቶ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መሥመር መመልከት ያረጋጋል።

ስለ ምግቡ፣ ጾም ማለት ምን እንደሆነ ለወጥ ቤቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። ሥጋ አልበላም ብቻ ካሉ ዓሣ ይመጣልዎታል፤ ዓሣውን ከመለሱ በቅቤ የተጠበሰ ድንች ይመጣል። ዓሣ ጾም ይሁን አይሁን የሚለውን የቆየ ክርክር እዚያ ለአብሳዩ ማስረዳት አይቻልም። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ብለው አንድ በአንድ ያስጽፉ። እኔ በበኩሌ ሽሮና በርበሬ በቦርሳዬ ይዤ ነበር፤ የፈላ ውኃ በየትም አለ።

ልብሱን በሁለት ቃል ልጨርስ። በሐምሌ ለርዊክ ላይ ያለው ብርድ ከደብረ ብርሃን ብርድ ብዙም አይለይም፤ የሚለየው ነፋሱ ነው። ካፖርት አንድ ወፍራም ከመያዝ ሦስት ቀጫጭን ደራርቦ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ልብስ ማድረግ ይሻላል። ጋቢዎን ለመርከቡ ክፍል ይያዙ፤ ሰገነት ላይ ግን ይነጥቅዎታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፤ እኔ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር ዕትም ሴንት ኪልዳን «ሰው የለቀቃት ደሴት» ብለው በአንድ መሥመር አልፈዋታል። በሺህ ዓመት የሚቆጠር ጊዜ ሰው የኖረበትን ቦታ በአንድ ቀን ምን ያስለቅቃል? ረኀብ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ረኀብ ብቻ አይደለም፤ ለአንተ ትምህርት ደግሞ የሚቀርብ ምክንያት አለው። የሴንት ኪልዳ ሰዎች ዋና ኑሯቸው የባሕር ወፍ ነበር። ወንዶቹ በባዶ እግራቸው በገመድ ገደል ወርደው ጋኔትና ፉልማር የሚባለውን ወፍ ይይዛሉ፤ ሥጋውንና እንቁላሉን ይበላሉ፣ ዘይቱን ለመብራት ያነዳሉ፣ የመሬቱንም ኪራይ ለባለ መሬቱ በላባና በሱፍ ጨርቅ ይከፍላሉ። የያዙትን የሚያደርቁባቸው ነፋስ የሚያስተላልፉ የድንጋይ ጎተራዎች ከ1,200 በላይ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ደሴቲቱን ሞልተዋታል። ወንዶቹ በየማለዳው በመንደሩ መንገድ ላይ ተሰብስበው የዕለቱን ሥራ ይመክሩ ነበር። ሊቀ መንበር የሌለው ምክር ስለሆነ አንዳንድ ቀን ክርክሩ ሳያልቅ ቀኑ ያልቅ ነበር ይባላል።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ከሚወለዱት ሕፃናት እጅግ ብዙዎቹ በተወለዱ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይሞቱ ነበር። ሰዎቹ የስምንት ቀን በሽታ ይሉታል፤ እኛ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው ነው። እምብርቱ ላይ የወፍ ዘይት ይቀቡ ስለነበር ነው የሚል ግምት ቢኖርም ግምት ከመሆን አላለፈም። የታወቀው ነገር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም በቄሱ ግፊት በአወላለድ ጊዜ ንጽሕና መጠበቅና ጀርም ገዳይ መድኃኒት መጠቀም ሲጀመር ሞቱ መቆሙ ነው። ይሁንና ያን ጊዜ ዘግይቶ ነበር፤ በ1852 ሠላሳ ስድስት ሰዎች ወደ አውስትራሊያ ተሰድደዋል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የባሕር ኃይል ጣቢያ በደሴቲቱ ሲቋቋም ወጣቶቹ ደመወዝና የውጭ ዓለም ምን እንደሆነ አዩ። ገደል የሚወርድ፣ ጀልባ የሚቀዝፍ ጉልበት እያነሰ ሄደ። ቁጥር ከአንድ መጠን ሲያንስ ኑሮው በሙሉ ይቆማል፤ አምስት ቀዛፊ የሚፈልግ ጀልባ በሦስት አይሄድም።

በ1930 መጀመሪያ አንዲት ወጣት ሴት ታማ ወደ ዋናው ምድር ሆስፒታል ተወሰደች፤ እዚያም ሞተች። በዚያው ዓመት በደሴቲቱ ነርስ አበረታችነት ነዋሪዎቹ እንዲያወጣቸው ለመንግሥት አቤቱታ ጻፉ። በፈረንጆች ነሐሴ 29 ቀን 1930 የቀሩት ሠላሳ ስድስት ሰዎች በመርከብ ተሳፈሩ። በየቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው፣ አጠገቡ ጥቂት የአጃ እህል አስቀምጠው ወጡ። ለብዙዎቹ ወንዶች መንግሥት የሰጣቸው ሥራ በደን ልማት ውስጥ ነበር፤ ሰዎቹ የመጡት አንድም ዛፍ ከሌለበት ደሴት ነው። በደሴቲቱ ከተወለዱት መካከል የመጨረሻዋ፣ በሚለቁበት ቀን የስምንት ዓመት ልጅ የነበሩት፣ በ2016 በ93 ዓመታቸው አረፉ። አንዳንዶች ታሪኩን የዘመናዊው ዓለም ጥፋት አድርገው ያወሩታል፤ እኔ ግን አቤቱታውን የፈረሙት እነርሱው መሆናቸውን አልረሳም።

ጥያቄ፦ በአዳማ በንግድ የምተዳደር ሙስሊም ነኝ። ስቫልባርድ ለሚባለው የበረዶ አገር ለማንም ቪዛ አያስፈልግም ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ነጩን ድብ ባየው ደስ ይለኛል። በበጋ ፀሐይ የማትጠልቅ ከሆነ ግን ሶላት በምን ይሰገዳል? (ከአዳማ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ መንገዱ ግን አልተነገረዎትም። በ1920 በፓሪስ የተፈረመው ውል ስቫልባርድን ለኖርዌይ ሲሰጥ ለፈራሚዎቹ አገሮች ዜጎች በደሴቶቹ ላይ እኩል መብት ጠብቆላቸዋል፤ ዛሬም ኖርዌይ ለደሴቶቹ ቪዛ አትጠይቅም። ነገር ግን አውሮፕላኑም አብዛኛው መርከብም የሚነሡት ከኖርዌይ ስለሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ያውም ሁለት ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ ስቫልባርድ ከሸንገን ውጭ ስለሆነ ሲመለሱ እንደ አዲስ ነው የሚገቡት። ይህን ሳያውቅ አንድ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ የሄደ ሰው መመለሻ ላይ ይቸገራል።

ድቡን በተመለከተ በማስታወቂያ ላይ የሚታየውን ቅርበት አይጠብቁ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በሕግ ከነጭ ድብ ቢያንስ 300 ሜትር፣ በፈረንጆች ከመጋቢት 1 እስከ ሰኔ 30 ደግሞ 500 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። በጥብቅ ክልሎች ከ200 በላይ ተሳፋሪ የያዘ መርከብ አይገባም፤ ከመርከብ የሚወረድባቸውም ቦታዎች ተለይተው ተወስነዋል። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ጥሩ የርቀት መነጽር ይግዙ። ዋልረስ የሚባለው ባለ ረጅም ጥርስ የባሕር እንስሳ ግን ዳርቻ ላይ ተከምሮ ስለሚተኛ ለማየት ይቀላል። በሰው አደን ሊያልቅ ተቃርቦ በ1952 ጥበቃ ስለ ተደረገለት ነው ዛሬ የሚታየው። በሰሜን ምዕራቡ ጫፍ ደግሞ ደቾች በ17ኛው መቶ ዘመን የዓሣ ነባሪ ስብ ያቀልጡበት የነበረው ስሚረንበርግ አለ፤ ከምድጃዎቹ የቀረ ድንጋይም ቢሆን፣ አሮጌ ሚስማርም ቢሆን፣ ከ1946 በፊት የነበረ ነገር ሁሉ ቅርስ ስለሆነ አይነካም። የደሴቶቹ ዋና ከተማ በሆነችው በሎንግየርብየን አጠገብ በ2008 የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ በሩ ብቻ ይታያል፤ ጎብኚ አይገባበትም። አዲስ አበባ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ያስቀመጠው የመኖ ዘር በዚያ ተራራ ውስጥ አለ።

ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አትጠልቅም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ጥላዎን ያያሉ፤ ሰዓታችንን ከንጋት ለምንቆጥር ለእኛ ሰዎች የሚያደናግር ነው። በሶላቱ ጉዳይ ዑለማዎች ቀንና ሌሊት በሚለይበት ቅርብ አገር ሰዓት ወይም በመካ ሰዓት መስገድን ይጠቅሳሉ። የትኛውን እንደሚይዙ ከመነሣትዎ በፊት የመስጊድዎን ኢማም ይጠይቁ፤ ያንን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ይያዙ፣ በባሕር ላይ ስልክ ሁልጊዜ አይሠራምና።

ጥያቄ፦ ጣና ከነገዳማቱ እያለልን በብድር ወፍ ለማየት ሰሜን ዋልታ መሄድ ምን ይባላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በብድር ከሆነ እኔም አልደግፍም። ጣና ሩቅ ከሆነብዎ ደግሞ ከአዳማ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባቱ ሲደርሱ የዝዋይ ሐይቅ አለልዎ። በዮዲት ጊዜ ካህናት ታቦቱንና ብራናዎቹን ይዘው ተሸሸጉባት የሚባልላት ቱሉ ጉዶ፣ ደብረ ጽዮን ማርያምም፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚነጋገሩት የዛይ ሰዎችም እዚያ ናቸው። ከዛይ ሰዎች ብዙዎቹ እንደ ሴንት ኪልዳ ሰዎች ወደ ዳርቻው ወጥተዋል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን አይደለም፣ ደሴቱንም ጨርሰው አልለቀቁም። በጠዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ባለ ጀልባዎቹ መሻገር አይወዱም።